ከሼዱ ጀርባ የነበረው ባለሙያ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከአንዱ ግድግዳ ልስን ሥር፣ ወንድሜ የሠራው ብሎኬት አለ። የትኛው ሕንፃ ላይ እንደገባ እሱም አያውቅም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአራት የሰፈር ልጆች ጋር ተደራጅቶ ላፍቶ አካባቢ ብሎኬት ያመርት ነበር። እኔ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ ብሎኬቱ እንዳይሰነጠቅ ውሃ ማጠጣት ነበር።

ዛሬ ሶፍትዌር እጽፋለሁ። በየሳምንቱ ስለ ስታርታፕ፣ ስለ ኢንኩቤሽን፣ ስለ ሥራ ፈጠራ ሥልጠና ምናምን እሰማለሁ። አዲስ ነገር ይመስላል እንጂ አይደለም። ታላላቆቻችን «ጥቃቅንና አነስተኛ» በሚል ስም አልፈውበታል። ታሪኩ ሲነሳ ብድሩ፣ ሼዱና ሪፖርቱ ይወራል፤ በመንግሥትና በሥራ አጡ ወጣት መካከል የቆመው ባለሙያ ግን ይረሳል። ይህ ጽሑፍ ስለ እሱ ነው።

መነሻው 1990 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ብሔራዊ የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ ወጣ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ባንክ የማያበድረውን ሰው እንዲያበድር አዲስ ብድርና ቁጠባ ተቋም ተመሠረተ። ወደኛ ሰፈር ነገሩ በደንብ የገባው ግን በኮንዶሚኒየም በኩል ነው። አርከበ እቁባይ ከተማዋን በሚመሩበት ጊዜ የተጀመረው የቤቶች ልማት ፕሮግራም ቤት መሥራት ብቻ ሳይሆን ሥራ መፍጠርም ዓላማው ነበር። ብሎኬቱን፣ ፕሪካስት ቢሙን፣ የበርና የመስኮት ብረቱን የሚያመርቱት የተደራጁ ወጣቶች ሆኑ። የማምረቻ ቦታ ተሰጣቸው፤ ማሽን በብድር አገኙ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገዢ ተዘጋጀላቸው። ገዢው ፕሮጀክቱ ራሱ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የወጣቶች የልማት ፓኬጅ ሲወጣ «ተደራጁ» የሚለው ቃል በየቀበሌው የሚሰማ ሆነ።

የወንድሜን ቡድን የሚከታተል አንድ ባለሙያ ነበር። ልጆቹ «ጋሼ» ይሉታል። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። መጀመሪያ የመጣ ቀን የጠየቀው ጥያቄ እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ ይነሳል፦ «እናንተ ልጆች፣ አንድ ብሎኬት ስንት ያወጣባችኋል?»

የሚሸጡበትን ዋጋ ሁሉም ያውቃል። የሚያወጣባቸውን ግን ማንም አልመለሰም። ሲሚንቶና አሸዋውን ቆጠሩ፤ የሚሰበረውን፣ የውሃውን፣ የማሽኑን ጥገና፣ የራሳቸውን ጉልበት አልቆጠሩም። ደብተር አስገዛቸው። ሦስት ዓምድ አስመረው፦ የገባ፣ የወጣ፣ የተሰበረ። ሌላ ቀን ደግሞ «ጀሞ ሲያልቅ ለማን ትሸጣላችሁ?» አላቸው። ሳቁ። ኮንዶሚኒየም ያልቃል ብሎ ማን ያስባል?

ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውዬው ተዛወረ። የተተካው ባለሙያ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ግን የሚመጣው ቅጽ ለማስሞላት ነው። ስንት ሰው ተደራጀ? ስንት ሴት? ስንት ብር ተበደረ? አለቃው እሱንም የሚገመግመው በዚሁ ነው። ልጆቹ ሲሚንቶ ጠፋ ብለው ሲነግሩት «በሪፖርት አካትታለሁ» ይላል። የኛ ሳይት ሥራ ሲቀንስና ሲሚንቶ ሲወደድ አምስቱ ተጣሉ፤ ማሽኑ ተሸጦ ዕዳ ተከፈለበት። ሪፖርቱ ላይ ግን «የሥራ ዕድል የተፈጠረላቸው፦ 5» የሚለው እንዳለ ቀረ።

ያ የመጀመሪያው ሰው ያደረገው ነገር በሌላው ዓለም ስም ያለው ሙያ ነው። የሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ማክሌላንድ ሰዎች ቀለበት ወርውረው እንጨት ላይ እንዲያስገቡ አድርጎ ነበር፤ ርቀቱን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። የስኬት ፍላጎታቸው ከፍ ያለ ሰዎች አፍንጫው ሥር አይቆሙም፣ በጣምም አይርቁም፤ የሚከብድ ግን የሚቻል ቦታ ይመርጣሉ። ይህ ጠባይ በሥልጠና ይመጣ እንደሆነ ለማየት እ.ኤ.አ. በ1964 ሕንድ ውስጥ ካኪናዳ ከምትባል ከተማ የመጡ ነጋዴዎችን አሠለጠነ። ከዚህ ሐሳብ ተነስቶ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 አርጀንቲና ላይ ኤምፕሬቴክ የሚባለውን ሥልጠና ጀመረ። ኢትዮጵያ ውስጥም በ2005 ዓ.ም. የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል ተቋቁሞ ይህንኑ መስጠት ጀመረ። የዓለም የሥራ ድርጅት «ሥራህን ጀምር፣ አሻሽል» ዓይነት ሥልጠናም እንደ መሰላል ነው፦ ዋና አሠልጣኝ አሠልጣኞችን ያሠለጥናል፣ እነሱ ደግሞ ወጣቱን።

የኛም መንግሥት ሐሳቡ አልጠፋውም። በ2003 ዓ.ም. የተሻሻለው ስትራቴጂ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አሠልጣኞች ከክፍል ወጥተው ኢንተርፕራይዞችን በሥራ ፈጠራ፣ በሙያ ክህሎት፣ በቴክኖሎጂና በካይዘን እንዲደግፉ አደረገ። ወረዳ ላይ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፈተ። ወረቀቱ ላይ አሪፍ ነው። ግን ከጤናው ጋር አስተያዩት። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ለአንድ የገጠር ቀበሌ ሁለት ባለሙያ መደበ፤ ሴቶቹ አንድ ዓመት ሠልጥነው ነው ቤት ለቤት የሄዱት። እናቶች በስም ያውቋቸዋል። እኛ ሰፈር ሥራ አጥ ወጣት «ባለሙያዬ እከሌ ናት» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

በ2009 ዓ.ም. ከተቃውሞው በኋላ 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲታወጅ ሁሉም የሚያወራው ስለ ብሩ ነበር። ብሩን የሚወስደው ልጅ አጠገብ ማን ይቆማል የሚለውን የጠየቀ ሰው እኔ አላጋጠመኝም።

በሙያዬ አንድ ነገር ተምሬአለሁ፦ ቅጹ ላይ ቦታ የሌለው ነገር ዳታቤዙ ውስጥም አይኖርም። «ስንት ተደራጁ» የሚል ቦታ ብቻ ካለ፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣው ሰውና ቅጽ የሚያስሞላው ሰው እኩል ናቸው። እንዲያውም ሁለተኛው ይበልጣል፤ በአንድ ቀን አሥር ቡድን ያዳርሳላ። «ከሁለት ዓመት በኋላ ማን አለ?» የሚል ዓምድ ቢጨመር ግን የባለሙያው ሥልጠናም ይለወጣል። ወጪ ማስላት ማስተማር፣ ከመደራጀት በፊት ገዢ ማስፈለግ፣ የማያዋጣ ሐሳብ ሲመጣ ደፍሮ «ይሄ አያዋጣም» ማለት፣ ቡድን ሲጣላ ማስማማት መቻል ይኖርበታል። ይህ ሁሉ በሁለት ቀን የአዳራሽ ስብሰባ አይለመድም።

ወንድሜ አሁን ሳሪስ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል። ደብተሩ ዛሬም ሦስት ዓምድ ነው። «በስልክ የሚሠራ አፕ ልሥራልህ» ብዬው ነበር። «ተወው፣ ይሄ ይበቃኛል» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን «ያ ሰውዬ አንድ ዓመት ቢቆይልን፣ ጀሞ ሲያልቅ ምን እንደምናደርግ እናስብ ነበር» አለ።