የጉማሬ ዘመድ አንጎል

የሁሩታ ሰው ስለ ዓሣ ነባሪ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ከሁሩታ ተነሥቶ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄዱ ድንበር ሳይሻገሩ ባሕር አይገኝም። እኔም ዓሣ ነባሪን የማውቀው ከዮናስ ታሪክና ከፈተና ወረቀት ነው። «ዓሣ ነባሪ ዓሣ ነው፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» የምትለዋ ጥያቄ የስንቱን ልጅ ማርክ በልታለች! ስሙ ራሱ «ዓሣ» እያለ ልጁ ምን ያድርግ?

ዘመዱ ግን ጎረቤታችን ነው። በዝዋይና በቆቃ ውኃ ውስጥ አፍንጫውን ብቅ አድርጎ የሚውለው ጉማሬ፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪና ለዶልፊን ከማንም የቀረበ የሥጋ ዘመድ ነው። እኛ ከቆዳው አለንጋ ሠርተን አለንጋውንም «ጉማሬ» ብለን ከመጥራት አልፈን ብዙም አልተመራመርንበትም። ሊቃውንቱም ቢሆኑ መልኩን አይተው ለብዙ ዘመን ከአሳማ ወገን ሲቆጥሩት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዲኤንኤ ምርመራ ይህን ገለበጠው። በ2005 ደግሞ በእኛው የኦሞ ሸለቆ ቅሪተ አካል ሲያጠና የኖረው ፈረንሳዊው ዣን ረኖ ቧስሪ፣ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የአጥንቱን ማስረጃ አቀረበ። ሁለቱ ዘሮች ከተለያዩ 50 ሚሊዮን ዓመት አልፏል።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የአንድ አያት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ውኃ ገቡ። ጉማሬው ከአንድ ቶን በላይ እየመዘነ አንጎሉ 600 ግራም ገደማ ነው። በሰውነቱ ከእሱ ብዙ እጥፍ የሚያንሰው ዶልፊን ግን 1.6 ኪሎ ገደማ አንጎል አለው። የእኛ የሰዎቹ 1.35 ኪሎ አካባቢ ነው። ስፐርም ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪማ ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል፤ በምድር ላይ ከእሱ የሚበልጥ አንጎል የለም። በእርግጥ ሰውነቱም ግዙፍ ስለሆነ በኪሎ ብቻ መፍረድ አይገባም። ከሰውነት ጋር ሲመዛዘን ግን ከሰው ቀጥለው የሚሰለፉት ዶልፊኖች ናቸው።

ለምን አደገ? ውኃው ነው እንዳንል ጉማሬው ምስክር ነው። በ2004 ሎሪ ማሪኖና ባልደረቦቿ የጥንት ዓሣ ነባሪዎችን የራስ ቅል በሲቲ ስካን መርምረው ያገኙትም ይህንኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓሣ ነባሪዎች ውኃ ከገቡ በኋላ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ በትንሽ አንጎላቸው ኖረዋል። ለውጡ የመጣው ከ35 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ባለጥርሶቹ ዓሣ ነባሪዎች ሲነሡ ሰውነታቸው አነሰ፣ አንጎላቸው አደገ። በዚያው ዘመን አካባቢ ነው ድምፅ ልከው በማስተጋባቱ ምግባቸውን ማደን የጀመሩት። ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ የዶልፊኖች ወገን አንድ ደረጃ ጨመረ።

በምክንያቱ ላይ ግን ጠብ አለ። ፖል ማንገር የተባለ ተመራማሪ በ2006 «ይህ ሁሉ ለማሰብ ሳይሆን በቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ አንጎልን ለማሞቅ ነው» የሚል ሐሳብ አመጣ። እንደ ምድጃ መሆኑ ነው እንግዲህ! በዓመቱ እነ ማሪኖ ተሰባስበው መልስ ሰጡት። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት የዘጠና ያህል ዝርያዎችን ኑሮ አነጻጽሮ፣ ትልቅ አንጎል ያላቸው ተባብረው የሚያድኑት፣ እርስ በርስ የሚማማሩትና ማኅበራቸው የጠበቀው መሆናቸውን አሳየ። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። ዕድርና ማኅበር ሲያይ ያደገ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል።

«የሰው ዘር መገኛ ነን» እያልን ስንኩራራም ይህን ብናስብ ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ስትሄድ፣ የወገኖቿ አንጎል የእኛን ሲሶ ያህል ነበር። እግር ቀደመ፣ አንጎል ዘገየ። ያን ጊዜ የአንጎል ውድድር ቢደረግ ኖሮ ዋንጫው የሚሄደው ወደ ባሕር ነበር። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ2000 ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃኗ «ሰላም» ደግሞ ሌላ ነገር ነገረችን። በ2020 የወጣው ጥናት እንደሚለው የአንጎሏ አሠራር የዝንጀሮ ዓይነት ነው፤ እድገቱ ግን ዝግ ያለ ነው። ይህ ማለት ከትልልቆቹ ጋር ሆኖ የመማሪያ ረዘም ያለ የልጅነት ዘመን ነበራት ማለት ነው።

ይህ እንዴት እንደሚመስል ማየት የፈለገ፣ ቆቃን ከሚሞላው ከአዋሽ ዳር ሽቅብ ወጥቶ መልካ ቁንጡሬን ይጎብኝ፤ ዩኔስኮ በ2024 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጎምቦሬ በተባለው ሥፍራ የ700 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው ጭቃ ላይ የሰውና የእንስሳት ኮቴ ደርቆ ቀርቷል። ትልልቆቹ በድንጋይ መሣሪያ ሥጋ የመለመሉበት እንስሳ ጉማሬ ነው። አጠገቡም የአንድና የሁለት ዓመት ሕፃናት የእግር ዱካ አለ።