ጠይቀውን የሚሄዱ ልጆች፦ የተማሪዎች ጥናት ታሪክና የእኛ ድርሻ

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ማኅበራችን መምጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። ስለ እቁባችን፣ ስለ እድራችን፣ በየቤታችን ስለምንናገረው ቋንቋ፣ ከሌላ አካባቢ ከመጣች ጎረቤት ጋር እንዴት ተግባብተን እንደምንኖር ይጠይቁናል። አንዳንዶቻችን ደስ እያለን እንመልሳለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ተናግረን ተናግረን ምን አገኘን? የጻፉትንስ ማን አየው?» እንላለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይፈልጋል። ነገር ግን በራችንን እንክፈት ወይስ እንዝጋ ብለን ከመወሰናችን በፊት፣ ይህ የተማሪ ጥናት የሚባለው ነገር በአገራችን ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ ማወቅ ይጠቅመናል። ይህን ጽሑፍ ለአባላትና ለደጋፊዎቻችን ያዘጋጀነው ለዚሁ ነው።

የኮሌጁ ልጆች

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሉሲየን ማት የተባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። ኮሌጁ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ በውስጡ አንድ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተቋቋመ። ኢትኖሎጂ የሕዝቦችን አኗኗር፣ ልማድ፣ እምነትና ቋንቋ የሚመረምር ትምህርት ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1961 ድረስ የራሱን መጽሔት አሳትሟል፤ ጽሑፎቹም ከብዙ ዓመት በኋላ ተሰብስበው እንደገና ታትመዋል። በዚያው ዘመን የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት ይመሩ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የአገር ባህል ዕቃዎችን በመሰብሰብ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ዛሬ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የምናየው ሙዚየም ከዚያ ጥረት የበቀለ ነው።

የእነዚያ ልጆች ሥራ በጊዜው አዲስ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት ስለ ሕዝባችን ኑሮ የተጻፈው አብዛኛው በውጭ አገር መንገደኞች፣ በሚሲዮናውያንና በዲፕሎማቶች እጅ ነው። የአገራችን የታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ቀለማቸውን በይበልጥ ለነገሥታትና ለጦርነት አውለውታል። የኮሌጁ ተማሪዎች ግን ስለ ተወለዱበት መንደር መጻፍ ጀመሩ። ሽማግሌ ለጋብቻ እንዴት እንደሚላክ፣ ሐዘን እንዴት እንደሚያዝ፣ የተጣላ እንዴት እንደሚታረቅ ተራ ነገር መስሎ የኖረው ሁሉ ለወረቀት የሚበቃ ሆነ። ከተለያየ ክፍለ ሀገር የመጡ ልጆች በአንድ ግቢ ውስጥ ሲገናኙም አንዱ የሌላውን ወግ ያነብብ ጀመር። የአንድ አገር ልጆች በመጽሔት ተዋወቁ ማለት ነው።

ሆኖም ሁለት ጉድለቶች ነበሩ። አንደኛው የቋንቋ ነው። የኮሌጁ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለነበር ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ ወጉን የነገሩ አባቶችና እናቶች ልጃቸው የጻፈውን ማንበብ አይችሉም፤ ቢነበብላቸውም አይሰሙትም። ሁለተኛው የሴቶች ነገር ነው። በኮሌጁ የነበሩት ሴት ተማሪዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ወንዱ ተማሪ ደግሞ አገሩ ሲገባ የሚቀርበው ወደ አባወራውና ወደ ሽማግሌው ነው። ሴቶች ተሰብስበው የሚጠጡት ማኅበር፣ አራስ ቤት የሚባለውና የሚደረገው፣ እንሰት ሲፋቅና ጥጥ ሲፈተል የሚወራው ለእርሱ ዝግ ነበር። የእናቶቻችን እውቀት በአብዛኛው ሳይጻፍ ያለፈው ዋጋ ስላልነበረው አይደለም፤ ሊጠይቀው የሚችል ሰው በቦታው ስላልነበረ ነው።

ከግቢው ወደ ገጠሩ

በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ሥርዓት ተጀመረ። በዚህ መሠረት አንድ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኞቹም የተመደቡት በአስተማሪነት ነው።

የከተማው ልጅ ከተመደበበት ትምህርት ቤት ሲደርስ ያገኘው ነገር መጽሐፍ ያላስተማረው ነበር። በዚያ ዘመን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ይሰጥ ነበር። በብዙ ቦታ ግን ልጆቹ አማርኛን የሚሰሙት ክፍል ሲገቡ ብቻ ነው። አስተማሪው የልጆቹን ቋንቋ አያውቅ፣ ልጆቹም የእርሱን። ብዙ ተማሪዎች የአገራቸውን ስፋትና የቋንቋዋን ብዛት፣ ከዚያም ጋር የጭሰኛውን ኑሮ በዓይናቸው ያዩት በዚህ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የተማሪው ጽሑፍ ስለ ልማድ ከማውራት አልፎ «ለምን?» ማለት ያዘ። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን «ትግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያወጣው አጭር ጽሑፍ ዛሬም ድረስ ያከራክራል። የሚደግፉትም የሚነቅፉትም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ አንድ ተማሪ ስለ ቋንቋና ስለ ባህል የጻፈው ጥቂት ገጽ የአገርን መንገድ ሊነካ ይችላል። እኛም ተማሪ መጥቶ ሲጠይቀን ነገሩን እንደ ጨዋታ የማናየው ለዚህ ነው።

ገበያው ያስተማረው

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ ትልቅ የቋንቋ ጥናት ተደረገ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1976 በመጽሐፍ ታተመ። ከጥናቱ ክፍሎች አንዱ ገበያን የሚመለከት ነበር። በ23 ገበያዎች ሻጭና ገዢ በየትኛው ቋንቋ እንደሚነጋገሩ ተመዘገበ። አጥኚዎቹ ያገኙት ነገር እኛ ጉልት የተቀመጥን ሴቶች የምናውቀውን ነው። ገበያው የሚሠራው ሁሉም ሰው አንድ ቋንቋ ስለሚናገር ሳይሆን፣ ገበያተኛው ከአንድ በላይ ቋንቋ ስለሚችል ነው። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ደንበኛዋን አይታ ቋንቋዋን ትለውጣለች። ሰላምታውን በአንዱ፣ ክርክሩን በሌላው፣ ምርቃቱን በሦስተኛው ታደርገዋለች። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ትምህርት ብሎ የጠራላትም የለም። ጥናቱ ሲጻፍ ግን የእርሷ ችሎታ የአገር እውቀት ሆኖ ተመዘገበ። «ባህሎች እንዴት አብረው ይኖራሉ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በብዙ ቦታ የተገኘው ከአዳራሽ ይልቅ ከጉልት ነው።

ከዘመቻው እስከ መሠረተ ትምህርቱ

በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ፊደል የማስቆጠሩ ሥራ በአማርኛ ብቻ አልቀረም፤ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛም ተጀመረ። በ1971 ዓ.ም. የተነሣው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ቀስ በቀስ 15 ቋንቋዎችን አቀፈ። ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፉ እናቶች ከዚህ ዘመን የወጡ ናቸው። ዘመኑ ብዙ እንባም ያለበት ነው፤ ከዘመቱት ልጆች ብዙዎቹ በኋላ በመጣው እልቂት አልተረፉም። ይዘው የነበሩት ማስታወሻም ከእነርሱ ጋር ጠፍቷል። ስለዚህ የተማሪ ጥናት ታሪክ ስንል የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ሳይጻፍ የቀረውንም እናስባለን።

ማኅበሮቻችን የጥናት ርዕስ ሲሆኑ

እኛን በቀጥታ የሚመለከተው የሰዎች መረዳጃ የጥናት ርዕስ መሆኑ ነው። ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ በከተማ የሚኖሩ ሰዎች ከትውልድ አገራቸው ጋር የሚያያዙባቸውን ማኅበራት መርምረዋል፤ በተለይም የዓለምገና–ወላይታ መንገድን ለማሠራት የተሰባሰበውን ድርጅት። ሰው ከየኪሱ አዋጥቶ መንገድ ሊያወጣ እንደሚችል ያ ጽሑፍ ይመሰክራል። ሲድኒ ዋልድሮን የተባሉ አሜሪካዊም በተማሪነታቸው ዘመን ሐረር ተቀምጠው የአፎቻን ሥርዓት አጥንተዋል። አፎቻ ሐረሪዎች በሠርግና በሐዘን የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። የወንዶቹ አፎቻ ለብቻ፣ የሴቶቹ አፎቻ ለብቻ የቆመ ነው። የሴቶች ማኅበር የወንዶች ጥገኛ ሳይሆን በራሱ ሕግ የሚተዳደር ሆኖ የኖረባት ከተማ በአገራችን እንዳለች ማወቅ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሥርዓተ ፆታ የመጀመሪያው ጉባኤ ተደረገ፤ ጽሑፎቹም በፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ አዘጋጅነት ታትመዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሴቶችና ልማትን የሚመለከት የምርምርና የሥልጠና ማዕከል በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። የሴት ተማሪዎች ቁጥር ሲያድግም የጥያቄው ዓይነት ተለወጠ። አርሲ ኦሮሞ ሴቶች ሲያገቡ የሚቀበሉት ሲንቄ የተባለው በትር፣ በደል ሲደርስ ያንን ይዘው በአንድነት የሚወጡበት ሥርዓት፣ በደቡብ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች ከጎረቤቶቻቸው የሚደርስባቸው መገለል፣ እነዚህ ሁሉ የጥናት ርዕስ ሆኑ። ኤችአይቪ ቤታችንን ባንኳኳበት ዘመን ደግሞ አጥኚዎች እድር ቀብር ከማስፈጸም አልፎ ሕመምተኛን ለመንከባከብና ለማስተማር እንደሚችል ጽፈው አሳዩ። እድሮችን ከእርዳታ ድርጅቶች ጋር ያገናኘው ሥራ ከእንዲህ ዓይነቱ ጥናት ብርታት አግኝቷል። «ጥናት ምን ይረባል?» ለሚሉን እህቶች ይህ አንድ መልስ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው የተማሪ ጥናት ሁለት ፊት እንዳለው ነው። በአንድ በኩል የሚረሳውን ከመረሳት ያድናል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ጽሑፉ ተናጋሪዋ በማትሰማው ቋንቋ ከተጻፈና በማትደርስበት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ፣ ቃሏን ሰጥታ ባዶ እጇን ቀረች ማለት ነው። ከ70 ዓመት በፊት በኮሌጁ መጽሔት የታየው ጉድለት ዛሬም አልተዘጋም፤ የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፍ አሁንም በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

በሩን መዝጋት ግን መፍትሔ አይመስለንም። እኛ ዝም ስንል ስለ እኛ የሚጻፈው አይቆምም፤ የሚጻፈው ያለ እኛ ቃል ይሆናል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አባላት እንዲወያዩባቸው አራት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ የጥናቱን ዓላማ በአማርኛ ጽፎ ያቅርብ፤ ለአባላትም ይነበብ። ለመናገር የማትፈልግ እህት እንድትናገር አትገፋፋ፤ ስሟ እንዲጠቀስ ወይም እንዳይጠቀስ የምትወስነውም እርሷ ራሷ ትሁን።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዷ አባል በምትመርጠው ቋንቋ ትጠየቅ። በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛ ወይም በትግርኛ ልቧን የምትገልጽ እናት በአማርኛ ስትጠየቅ የምትመልሰው ግማሹን ነው። አስተርጓሚ ካስፈለገ ከመካከላችን ትመረጥ፤ የድካሟም ዋጋ ይከፈላት።

ሦስተኛ፣ ተማሪው ሲጨርስ የጽሑፉን አንድ ቅጂ ከሁለት ወይም ከሦስት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ጋር ለማኅበሩ ያስረክብ። ማጠቃለያውም በወር ስብሰባችን ላይ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ፤ ከመካከላችን ማንበብ የማይችሉ አሉና። ሲነበብ «እንዲህ አላልኩም» የምትል ካለች ቃሏ ታርሞ ይያዝ። ደጋፊዎቻችን የምንጠይቃቸው እርዳታ እዚህ ላይ ነው። ለትርጉምና ለኅትመት የሚሆን መጠነኛ ወጪ ቢሸፍኑልን፣ ለአንድ ተማሪ ዲግሪ የሆነው ጽሑፍ ለእኛም ንብረት ይሆናል።

አራተኛ፣ ጠያቂ እስኪመጣ አንጠብቅ። የማኅበራችን የእቁብና የቁጠባ መዝገብ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የመተዳደሪያ ደንባችን የመጀመሪያ ቅጂ በየቤቱ ተበታትነው ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ ታሪክ ናቸው። ማን መቼ ገባች፣ ስንት ብር ይዋጣ ነበር፣ ማን በምን ችግር ተረዳች የሚለውን ከመዝገቡ ማግኘት ይቻላል። ከልጆቻችን መካከል ዩኒቨርሲቲ የገቡ አሉ። ክረምት ላይ ሲመጡ ከትልልቆቹ እናቶች ጋር ተቀምጠው በድምፅ እንዲቀዱና እንዲጽፉ ብናደርግ፣ የኮሌጁ ልጆች ያልደረሱበትን የሴቶች ቤት የእኛ ሴት ልጆች ይደርሱበታል።

መዝገብ፣ ደብዳቤ ወይም የድሮ ፎቶግራፍ በቤታቸው ያላቸው አባላት ለጸሐፊያችን ያሳውቁ። ዋናው ከባለቤቱ ጋር ይቀራል፤ እኛ ቅጂውን እንይዛለን።