የሚሞቅ የፊት መስታወት፦ ቅንጦት ነው ወይስ ዓይን?

የስፖርት መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ጎማው ስፋት፣ ከዜሮ ተነስቶ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ስለሚፈጅበት ሰከንድ ሲጠይቅ ይውላል። ከተጨማሪ ዕቃዎች ዝርዝር መሃል «በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የፊት መስታወት» የሚለውን ሲያገኝ ግን ፊቱን ይቋጥራል። «ለፈጣን መኪና ይሄ ምን ይሠራለታል? ገንዘብ ማባከን ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ጥያቄው የባለጸጋ ጥያቄ ይመስላል። ከጀርባው ያለው ግን ሁላችንንም የሚነካ ነው፤ አንድ ነገር ቅንጦት ነው ወይስ አስፈላጊ የሚባለው በማን ሚዛን ነው? የዚህን መስታወት ታሪክ ብንከተል መልሱን እናገኘዋለን። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከመጥረጊያው ነው። ሜሪ አንደርሰን የተባለች የአላባማ ሴት በብርዱ ወራት ኒውዮርክ ሄዳ በከተማ ባቡር ስትጓዝ አንድ ነገር አስተዋለች። ነጂው በበረዶው ምክንያት በመስታወቱ ማየት ስላቃተው መስኮቱን ከፍቶ ውርጩን በፊቱ እየተቀበለ ይነዳል። አገሯ ተመልሳ ነጂው ከውስጥ በእጀታ የሚያንቀሳቅሰው መጥረጊያ ነደፈች፤ በ1903 የፈጠራ መብት ተሰጣት። ከሁለት ዓመት በኋላ ለአንድ የካናዳ ድርጅት ልትሸጠው ብትሞክር ይህን ያህል የንግድ ዋጋ የለውም ተብላ ተመለሰች። መብቷ በ1920 ጊዜው አለፈ። መጥረጊያው ዓለምን ሲያዳርስ እሷ አንዳች ሳትጠቀም ቀረች። ዛሬ ያለ መጥረጊያ መኪና የሚገዛ ሰው አለ?

መጥረጊያ ዝናብን ይችላል፤ በመስታወት ላይ የተጋገረ ውርጭን ግን አይችልም። ለዚያ ሙቀት ያስፈልጋል። የተለመደው መኪና ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ውኃውን ያሞቃል፣ ውኃው አየሩን ያሞቃል፣ አየሩ መስታወቱን ያሞቃል። በቀዝቃዛ ማለዳ ይህ ሰንሰለት እስኪሠራ ብዙ ደቂቃ ያልፋል። አቋራጩ መስታወቱን ራሱን ማሞቅ ነው።

አቋራጩን የሚቻል ያደረገው ሌላ ፈጠራ ነበር። ፈረንሳዊው ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ በ1909 የፈጠራ መብት ያወጣበት መስታወት በሁለት መስታወቶች መሃል ስስ የሴሉሎይድ ንጣፍ ያለበት ነው። ዓላማው ሲሰበር እንዳይበተን ነበር። በሁለቱ መሃል ንጣፍ መግባት ከቻለ ግን ሽቦም ሆነ ብረት ነክ ሽፋን መግባት ይችላል። መጀመሪያ የተጠቀሙበት አብራሪዎች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከፍ ብሎ የሚበር አውሮፕላን መስታወቱ በበረዶ ሲሸፈን አብራሪው ዕውር ሆኖ ይቀር ነበርና ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ያለው መስታወት ተሠራ። ዛሬም በመንገደኞች አውሮፕላን የአብራሪው ክፍል መስታወት በኤሌክትሪክ ይሞቃል። «ዋጋ አለው ወይ?» ብሎ የሚከራከር አየር መንገድ የለም።

ከሰማይ ወደ መንገድ ያወረዱት የውድድር ሰዎች ናቸው። በጥር 1965 የሞንቴ ካርሎ ራሊ በከባድ የበረዶ ማዕበል ውስጥ ተካሄደ። ከ200 በላይ መኪኖች ተነስተው እስከ መጨረሻው የዘለቁት 40 እንኳ አልሞሉም። ያሸነፈው ፊንላንዳዊው ቲሞ ማኪነን ነበር፤ የነዳው ደግሞ 1.3 ሊትር የማይሞላ ሞተር ያላትን ሚኒ ኩፐር ኤስ። በዚያ ዘመን ለድል የሚሮጡ የፋብሪካ ቡድኖች ለእንዲህ ያለው ራሊ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የፊት መስታወት ይገጥሙ ነበር። ለእነሱ ቅንጦት አልነበረም። በበረዶ ተራራ ላይ የሚያሸንፈው መንገዱን የሚያይ ነው።

ከ1968 እስከ 1970 ያንኑ ራሊ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ያሸነፈው ፖርሽ 911 ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። 911 እስከ 1990ዎቹ መገባደጃ ድረስ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነበር። የሚሞቅ ውኃ ስለሌለው የመኪናውን ውስጥ የሚያሞቀው በጭስ ማውጫው ዙሪያ በሚያልፍ አየር ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ መስታወቱ ከፊት፤ ሙቀቱ ያን ሁሉ መንገድ መጓዝ አለበት። እንግዲህ የስፖርት መኪና ከቤተሰብ መኪና ይልቅ መስታወቱን ለማጥራት የሚቸገርበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ውስጡ ጠባብ ስለሆነም የሁለት ሰው ትንፋሽና እርጥብ ልብስ ብቻ መስታወቱን ሊያዳፍነው ይችላል።

ቀጥሎ የመጣው የክስረት ምዕራፍ ነው። ፎርድ ተንደርበርድን በ1955 ሲያወጣው ባለ ሁለት መቀመጫ ቀልጣፋ መኪና ነበር። በ1974 ግን ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን፣ 7.5 ሊትር ሞተር የተሸከመ ግዙፍ ሆኖ ነበር። በዚያ ዓመት ገዢው ከፈለገ ስስ የወርቅ ሽፋን ያለው የሚሞቅ መስታወት ይገጠምለት ጀመር። ሽፋኑ የመኪናው ተራ ኤሌክትሪክ ስለማይበቃው ለእሱ ብቻ ሁለተኛ ዲናሞ ተጨመረ። መስታወቱ ሲሰነጠቅ መተኪያው ኪስ የሚያራቁት ነበር። ዘመኑም የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ማግስት ነው። ብዙም ሳይቆይ ቀረ። ያኔ «ቅንጦት ነው» ያለ ሰው ትክክል ነበር።

ከ11 ዓመት በኋላ ያው ፎርድ በአውሮፓ ሌላ መንገድ ሞከረ። በ1985 በወጣው ግራናዳ፣ በሌሎች አገሮች ስኮርፒዮ በሚባለው፣ በሁለቱ መስታወቶች መሃል ዓይን የማይይዛቸው ቀጫጭን የተንግስተን ሽቦዎች ዘረጋ። ወርቅ ቀረ፣ ሁለተኛ ዲናሞም ቀረ። ነጂው ቁልፏን ይጫናል፣ በጥቂት ደቂቃ ውርጩ ይለቃል፣ ኤሌክትሪኩም በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ከዚያ ነገሩ ወደ ኤስኮርትና ወደ ፊየስታ፣ ማለትም መምህሩና ነርሷ ወደሚነዷቸው መኪኖች ወረደ። ፎርድ ጃጓርን ከ1989 መጨረሻ እስከ 2008 በእጁ ይዞ ስለነበር ደግሞ ኤክስኬን በመሳሰሉ የጃጓር የስፖርት መኪኖች ላይም ታየ።

ልብ በሉ፤ ቅንጡው ተንደርበርድ ያልቻለውን የቤተሰብ መኪና ቻለው። የስፖርት መኪናው መስታወቱን የተረከበው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። የመስታወቱ ዋጋ የተረጋገጠው የባለጸጋ ጌጥ ሆኖ ሳይሆን በውርጭ ማለዳ ሥራ የሚረፍድበት ሰው ሲፈልገው ነው።

የሚቃወሙት ሰዎች ያለ ምክንያት አይቃወሙም። በሌሊት ከፊት የሚመጣ መብራት በሽቦዎቹ ላይ ሲያርፍ የሚያንጸባርቅባቸውና የሚረበሹ አሉ። በሽቦ ፈንታ ብረት ነክ ሽፋን ያለው ዓይነት ደግሞ የሬዲዮ ሞገድን ስለሚጋርድ የጂፒኤስና የመንገድ ክፍያ መሣሪያን ሊያውክ ይችላል፤ ስለዚህ አምራቾች ከመስታወቱ ጥግ ያልተሸፈነ ቦታ ይተዋሉ። ጠጠር ሲሰነጥቀውም ከተራው ይበልጥ ያስወጣል። በፍጥነት የሚነዳ ዝቅ ያለ መኪና ጠጠር አያጣውምና ይህ ለስፖርት መኪና ባለቤት ቀላል ነገር አይደለም።

በሌላው ወገን ያለውን ሒሳብ እንየው። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር በረዶ ቢጋገር ክብደቱ 460 ግራም ገደማ ነው። በ1,000 ዋት ኃይል በረዶውን ብቻ ለማቅለጥ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይበቃል። መስታወቱ ራሱ እስኪሞቅ ጥቂት ይጨመርበታል፤ መጥረጊያው ከረዳው ደግሞ ሁሉም እስኪቀልጥ መጠበቅ አያሻም። ይህ ኃይል በ12 ቮልት ከ80 አምፔር በላይ ነው፤ ለደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ ግን የዛሬ መኪና ይችለዋል። በኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ጥቅሙ ይጎላል። የሞተር ትርፍ ሙቀት ስለሌለ ሙቀት ሁሉ ከባትሪው ይወጣል፤ ስለዚህ የመኪናውን አየር ሁሉ ከማሞቅ መስታወቱን ብቻ ማሞቅ ቁጠባ ነው።

ታዲያ ይገዛ ወይስ ይተው? መልሱ ያለው መኪናው በሚያድርበት ቦታና በሚነዳበት ወር ነው። የስፖርት መኪናው ብርዱን ሁሉ ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ የሚያሳልፍና በፀሐይ ቀን ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ መስታወቱ ሽቦና ወጪ ከመጨመር በቀር ፋይዳ የለውም። አዲስ አበባ ላይ ለሚነዳም እንዲሁ ነው፤ የክረምታችን ችግር ከውስጥ የሚያዳፍነው እንፋሎት ነው፣ እሱን ደግሞ አየሩን የሚያደርቀው ኤሲ ያጠራዋል። መኪናው ደጅ የሚያድር፣ ውርጭ ባለበት አገር በየማለዳው ወደ ሥራ የሚነዳ ከሆነ ግን ከሰፊ ጎማና ከተጨማሪ የፈረስ ጉልበት በፊት ሊገዛ የሚገባው ይህ ነው። በሚኒሶታና በስዊድን ንጋት ላይ በፕላስቲክ መፋቂያ መስታወት የሚፍቁ ወገኖቻችን ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያሻቸውም። በብሪታንያ የመንገድ ደንብ ከመነሳት በፊት በረዶው ከመስታወቶች ሁሉ መጥረግ አለበት። በመዳፍ የምታክል ቀዳዳ አጮልቆ እያዩ መንዳት በ30 ኪሎ ሜትር በሰዓትም አደጋ ነው፤ በ300 የፈረስ ጉልበት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አይከብድም።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ለመኪናም ከመፍጠን ማየት ይቅደም። የሜሪ አንደርሰንን መጥረጊያ የንግድ ዋጋ የለውም ያሉት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ በዘመናቸው ሒሳብ ትክክል መስሏቸው ነበር። የረሱት በብርድ መስኮት ከፍቶ የሚነዳውን ሰው መጠየቅ ነበር። ዛሬም አንድን ነገር ቅንጦት ከማለታችን በፊት ማን እንደሚጠቀምበት፣ የትና በስንት ሰዓት እንደሚጠቀምበት እንጠይቅ።