ሌሊት መሸሸጊያ በነበረ ጊዜ

የጎጃም የአርበኝነት ታሪክ ሲተረክ ጀግናው፣ ጠመንጃው፣ ገደሉና ዋሻው ይነሳሉ። ሌሊቱን ግን እምብዛም የሚያነሳው የለም። እኛ ከመርጡለ ማርያም ግድም የመጣን ተማሪዎች ስንከራከርበት የቆየነው ጉዳይ ይኸው ነው። ጠላት ሰማዩን በያዘበት ዘመን ሕዝቡ ያልተነጠቀው አንድ መሸሸጊያ ጨለማ ነበር። ይህ መሸሸጊያ እንዴት እንደ ጠቀመ፣ በኋላም እንዴት እንደ ተነጠቀ መመርመር የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው እንላለን።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር አንዱ ትልቅ ብልጫዋ አውሮፕላን ነበር። ቦምብም የመርዝ ጋዝም ከላይ አወረደች። ነገር ግን አብራሪው የሚያነጣጥረው በዓይኑ እያየ ነበርና ፀሐይ ከጠለቀች ሰውና ቁጥቋጦ አይለይለትም። ስለዚህ ቀኑ የአውሮፕላኑ፣ ሌሊቱ የእግረኛው ሆነ። በ1933 ዓ.ም. በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከአርበኞች ጋር ጎጃም ውስጥ ሲዘምት ቁጥሩ ከጠላት እጅግ ያነሰ ነበር። ታዲያ ምን አደረገ? ሌሊትን ተጠቀመ። በቡሬ ምሽግ ላይ፣ ኋላም በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ ምሽጎች ላይ፣ ትንንሽ ቡድኖች በጨለማ እየተጠጉ ጠላትን እንቅልፍ ነሱት። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ከአርባ ዓመት በኋላም ሌሊት ያው ሌሊት ነበር። በደርግ ዘመን ትግራይ ውስጥ ሚግ አውሮፕላኖች ቀን ቀን ስለሚያስፈሩ ገበያ በማታ ይቆም ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ ወደ ሱዳን ሲሰደድ ቀን ተደብቆ ሌሊት ይጓዝ ነበር። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን ላይ የደረሰው እልቂት በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም በገበያ ቀን መሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ ጨለማውን የቀማን ምንድን ነው? ነገሩ የተጀመረው ጦር ሜዳ ላይ አይደለም። በ1800 እ.ኤ.አ. ዊልያም ሄርሼል የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ የየቀለሙን ሙቀት በቴርሞሜትር ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ፣ ሙቀቱ ይበልጥ ከፍ አለ። ኢንፍራሬድ የሚባለው ይህ የማይታይ ጨረር ነው። የሰው ገላም ሆነ ሌላው ነገር ሁሉ እንደየሙቀቱ ሌሊትም ቢሆን ይረጨዋል። ቆይቶ ጨረሩን ወደ ሥዕል የሚለውጥ ካሜራ ተሠራና አውሮፕላን ላይ ተጫነ። አሜሪካኖች ላንቲርን ያሉት መሣሪያ ከአውሮፕላኑ ሥር የሚንጠለጠሉ ሁለት ቀፎዎች አሉት፦ አንዱ በራዳርና በኢንፍራሬድ አብራሪውን በጨለማ መሬት ለመሬት ይመራዋል፤ ሌላው ዒላማ ለይቶ በሌዘር ቦምቡን ያደርሳል። በ1991 እ.ኤ.አ. በባሕረ ሰላጤው ጦርነት አሸዋ ውስጥ የተቀበሩ የኢራቅ ታንኮች በእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ሌሊት ሌሊት እየተለቀሙ ተመቱ፤ አሸዋው ሲበርድ ብረቱ ሙቀቱን ይዞ ይቆያልና።

እስቲ ይህን ዓይን ወደ መርጡለ ማርያም እናዙረው። ሲመሽ፣ ንግሥት እሌኒ ያሠራችው ጥንታዊ ሕንጻ ፍርስራሽ የቀኑን ፀሐይ ገና አልጨረሰምና ድንጋዩ ደምቆ ይታያል። የቆርቆሮ ጣሪያ ግን ቀዝቃዛውን ሰማይ ስለሚያንጸባርቅ ጠቁሮ ይታያል። ሌሊቱ ሲገፋ ድንጋዩ ይበርዳል፤ ያኔ ደጅ ያደሩት ከብቶች፣ ለማሕሌት የሚሄደው ደብተራ፣ መንገደኛው ሁሉ ነጥረው ይወጣሉ። ደጋው በበረደ ቁጥር ሰው ይበልጥ ይለያል ማለት ነው። ወፍራም የክረምት ጉም ሲወርድ ብቻ ዓይኑ ይታወራል። አያቶቻችንን የሸሸገ የሌሊት ብርድ ዛሬ አሳባቂ ሆኗል እኮ!

ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በገና ዕለት ሌሊት፣ ትግራይ ውስጥ ደደቢት ላይ፣ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት በድሮን ተመትቶ ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ጥቃቱ የደረሰው ቱርክ ሠራሽ በሆነው ባይራክታር ቲቢ2 መሆኑን ገልጿል። ይህ ድሮን የኢንፍራሬድ ካሜራ ይይዛል። ካሜራው አያይም አንልም፤ እንዲያውም ከእኛ በላይ ያያል። ግን የሚያየው ሙቀትን ነው። የታጣቂውም፣ ልጅ የታቀፈችውም ሰውነት ያው 37 ዲግሪ ግድም ነው። ሥዕሉን አይቶ «ይህ ጠላት ነው» የሚለው ሰው ነው፤ ተጠያቂነቱም ከሰው ትከሻ አይወርድም።

ወንድሞችና እህቶች፣ በመጪው ዕረፍት ወደየቀያችሁ ስትወርዱ ሽማግሌዎችን ስለ ጦር ሜዳው ብቻ አትጠይቁ። ሌሊት መንገድ የሚመራ ማን ነበር? ስንቅ የሚያደርሱ ሴቶች በየት ያልፉ ነበር? ሕፃን እንዳያለቅስ ምን ይደረግ ነበር? ብላችሁ ጻፉ። ያን ሌሊት የሚያውቁት ሰዎች እያለቁ ነው፤ እንደዚያ ያለ ሌሊት ደግሞ ለልጆቻችን አይደርስም።