በነቀምቴ ሻይ ቤቶች ያገኘነውና ያጣነው

ታሪክ ከገበታም ይነበባል ሲሉ መምህራችን ስለ ነገሩን፣ እኛ ተማሪዎች አንድ ቅዳሜ በነቀምቴ ዳቦ ቤቶችና ሻይ ቤቶች ተዘዋወርን። ሆዳችሁ መራችሁ የሚለን ቢኖር አንጣላውም።

በመጀመሪያ በገባንበት ቤት ያገኘነው ፉርኖ ዳቦ ነበር። ፉርኖ የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የዳቦ ምድጃ ነው፤ ማኪያቶም ከዚያው ቋንቋ የተወሰደ ነው። ጠላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዞ በኋላ ድል ሆኖ ቢወጣም፣ ቃሎቹ ከዳቦ ቤቱ ሳይወጡ ቀሩ።

ቡናው ግን የወለጋ ነው፤ በዓለም ገበያም በነቀምቴ ስም ይታወቃል። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ በተደረገው ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ የምዕራብ ወለጋ ቡና ከደምቢ ዶሎ በበቅሎ ወርዶ፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር።

የቀረን አንጮቴ ነበር። በገባንበት ቤት ሁሉ ብንጠይቅ የለም ተባልን፤ አንዲት ባለ ሻይ ቤት እናትማ ሣቁብን። ይህ የወለጋ ሥር ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦና ተከትፎ በቅቤና በቅመም የሚቀርብ፣ ይልቁንም ለመስቀል በዓል፣ ለአራስና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የሚሠራ የቤት ምግብ ነው። አሠራሩንም ልጅ ከእናቱ እጅ እያየ ይማረዋል።

በማግሥቱ የጓደኛችን እናት አንጮቴ ሠርተው ጠሩን። አሠራሩን ልንጽፍ ደብተር ይዘን ሄድን፤ ነገር ግን ከመካከላችን ሦስታችን እስከዚያ ቀን ድረስ ቀምሰነው እንኳ አናውቅም ነበር።