ሰፊ ሌንስ ለትንሽ ሴንሰር

ዲጂታል ካሜራ የፊልሙን ቦታ መያዝ ሲጀምር፣ የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ለዓመታት «ሰፊ» ሲሉት የኖሩትን ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ ሲገጥሙት ጠባብ ሆኖ አገኙት። ሌንሶቹ የተሠሩት ላይካ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ላስፋፋው 36 በ24 ሚሊ ሜትር የፊልም ልክ ሲሆን፣ ኒኮን በ1999 ባወጣው ዲ1 ካሜራ ውስጥ ያለው ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ክፍል፣ 23.7 በ15.6 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ሌንሱ ከሚፈጥረው ምስል መሐሉ ተቀርጾ ዳርዳሩ ይቀር ነበር። የሁለቱ ልኮች ንጽጽር ክሮፕ ፋክተር ይባላል፤ በኒኮን 1.5፣ በካነን 1.6 ገደማ ነው። በዚህ ስሌት በፊልም ላይ 94 ዲግሪ ያህል ያሳይ የነበረው የ20 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ሌንስ በዲ1 ላይ የ30 ሚሊ ሜትር ሌንስን ያህል ብቻ ያሳያል። የስፖርትና የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺዎች ሩቁ ስለቀረበላቸው ቅር አላላቸውም፤ የተጎዱት ሕንፃና ጠባብ ክፍል የሚያነሱት ናቸው።

አምራቾቹን ወደ ትንሹ ሴንሰር የገፋቸው ዋጋ ነው፤ ሴንሰሩ በተለቀ ቁጥር ከአንድ የሲሊከን ዝርግ የሚወጣው ስለሚያንስ፣ ካነን በ2002 የፊልሙን ሙሉ ልክ ይዞ ያቀረበው ካሜራ 8 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ሴንሰሩን ከማሳደግ ይልቅ ዕይታው እንዲሰፋ የሌንሱን የትኩረት ርቀት ማሳጠር ተመረጠ፤ ይህም ቢሆን ቀላል ሥራ አልነበረም። መስተዋት ያለው ካሜራ ሌንሱ ከሚታሰርበት አፍ እስከ ሴንሰሩ ድረስ ክፍተት ይፈልጋል፤ ኒኮን በ1959 የወሰነው 46.5 ሚሊ ሜትርም ሴንሰሩ ሲያንስ አብሮ አላነሰም። የ12 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይህን ክፍተት የሚሻገረው ፈረንሳዊው ፒየር አንዤኒዩ በ1950 ለፎቶ ካሜራ ባቀረበው ሬትሮፎከስ በተባለው አሠራር፣ ማለትም ብርሃን በታኝ ብርጭቆዎችን ከፊት በማስቀደም ሲሆን፣ የእነዚህ ሌንሶች ክብደትና ውድነት በአብዛኛው ከዚሁ ይመነጫል።

ለትንሹ ሴንሰር ከተሠሩት ሰፊ ሌንሶች የኒኮን 12–24 ሚሊ ሜትር በ2003፣ የካነን 10–22 በ2004፣ የሲግማ 10–20 ደግሞ በ2005 ገበያ ላይ ዋሉ፤ ቀጥሎ የመጣው የቶኪና 11–16 የብርሃን መግቢያው እስከ f/2.8 ስለሚከፈት የሌሊት ሰማይ የሚያነሱ ሰዎች ወደዱት። ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚንቁት ነገር ቢኖር የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው፤ በ50 ሚሊ ሜትር አካባቢ የማይታየው ይህ ልዩነት በ10 እና በ12 መካከል ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ስፋት ይሰጣል ወይም ይነሳል። «ወደፊት ሙሉ ሴንሰር ስገዛ ይጠቅመኛል» ተብሎ በውድ ዋጋ የሚገዛው 17–35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን በትንሹ ሴንሰር ላይ ከ25 ሚሊ ሜትር የማይሰፋ ዕይታ ስለሚሰጥ፣ ለዛሬው ካሜራ መጥፎ ምርጫ ነው።