ከሚፈስ ነገር ናሙና ስለ መውሰድና ስለ ተከዜ ደለል

ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ወደ ተከዜ እንደሚገባ የታወቀ ነው። የዓመቱ ደለል ሁሉ ለማለት ይቻላል፥ የሚያልፈው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ይህ ደለል በትክክል ካልተመዘነ ከታች ያለው ግድብ ዕድሜ ስንት እንደ ሆነ ለመናገር አይቻልም። ስለዚህ የአመዛዘኑን ዘዴ ታሪክ በአጭሩ ለመመርመር አስበናል (ዘመኑ በሙሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው)።

ቀድሞ መሐንዲሶች ከወንዙ በባልዲ ወይም በጠርሙስ ቀድተው፥ ውሃውን አድርቀው፥ የቀረውን ዐፈር ይመዝኑ ነበር። ነገር ግን ከጋን አናት የተቀዳ ጠላ ስለ አተላው አይመሰክርም፤ ከባዱ አሸዋ ወደ ወለሉ ተጠግቶ ይሄዳልና። ከዚህ የረቀቀው ስሕተት የሚደርሰው በመቅጃው አፍ ላይ ነው። በ1939 የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተባብረው በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ይህን ጉዳይ መመርመር ጀመሩ፤ በ1941ም ስለ መቅጃዎች ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃው ወደ መቅጃው የሚገባበት ፍጥነት ከወንዙ ያነሰ እንደ ሆነ፥ ከፊሉ ውሃ አፉን ሸሽቶ በጎን ያልፋል፤ የአሸዋው ቅንጣት ግን ከሩጫው ጉልበት የተነሣ መታጠፍ አቅቶት ቀጥ ብሎ ይገባል። ናሙናውም ከእውነተኛው ይልቅ ደለል ይበዛበታል። መቅጃው ከወንዙ ፈጥኖ የሚስብ ከሆነ ደግሞ ከዙሪያው ውሃ ይሰበስባል፤ አሸዋው ያመልጠዋል። ደቃቁ ጭቃ ውሃውን ስለሚከተል እምብዛም አይሳሳትም። እንግዲህ መቅጃው ሊስብ የሚገባው በወንዙ ፍጥነት ልክ ነው።

የሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ውስጥ የሚሄደው ትቢያም በዚሁ ሕግ ይገዛል። በአየር ላይ የሚደርሰውን ስሕተት ዋትሰን የተባለ ተመራማሪ በ1954 በሙከራ አሳይቷል። ጋዝ ከውሃ እጅግ ቀላል ስለ ሆነ፥ በውሃ ውስጥ ከማይሳሳተው ቅንጣት የሚያንሰው ትቢያ እንኳ በጋዝ ውስጥ ያሳስታል።

ተከዜ ሱዳን ሲገባ ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በታች በ1964 የተፈጸመው የኸሽም ኤል ግርባ ግድብ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንዲይዝ ተሠርቶ፥ በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ ግማሽ ያህሉን ደለል ወሰደበት። በ2009 የተፈጸመው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመት አለው፤ 9.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። ስፋቱ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ስንት ጊዜ እንደሚሰጠው ግን የሚታወቀው ከናሙና ነው።

በእኛ አስተያየት ጥሩ መቅጃ መግዛቱ ቀላሉ ሥራ ነው። የደጋው ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይጥላል፤ ጎርፉም ሲመሽ ወይም በሌሊት ደርሶ በጥቂት ሰዓት ያልፋል። ቀጂው ጧት ብቻ ወደ ወንዙ ቢወርድ፥ የመቅጃው አፍ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፥ በመዝገቡ የሚጻፈው ደለል በሌሊት ካለፈው ያነሰ ነው።